ታግቶ የተረፈ ቤተሰብ በወሬ አይታገት

ርዕሰ አንቀጽ



በዚህ ሰሌዳ ላይ ስለ ቆሻሻ ማንሻ ቀን፣ ስለ ጥበቃ ክፍያና ስለ ውኃ ፈረቃ ስንጽፍ መቆየታችን ይታወቃል። የዛሬው ጉዳይ ከዚያ ይከብዳል። ይኸውም በፖሊስ የሚፈለግ ሰው መሣሪያ ይዞ የአንድን ቤተሰብ በር ቢያስከፍት፣ አባትና እናትን ከነልጆቻቸው በገዛ ቤታቸው ቢያግት፣ እኛ ጎረቤቶች ያን ጊዜና ከዚያም በኋላ ምን ዓይነት ሰዎች ሆነን እንገኛለን የሚለው ነው። «ከዚያም በኋላ» ያልነው ሆን ብለን ነው። ስለ እገታው ሰዓት ሁሉም ያወራል። ቤተሰቡ ከዳነ በኋላ ስለሚደርስበት ግን የሚጨነቅ ጥቂት ነው።

«ይህ እኛ ዘንድ አይደርስም» የሚል አይጠፋም። አይድረስም! ነገር ግን አሰፋፈራችንን ልብ እንበል። ከሳሪስ እስከ ጀሞ፣ ከመካኒሳ እስከ ለቡ ድረስ አንድ ግቢ ውስጥ አራትና አምስት ተከራይ ይኖራል፤ በጋራ መኖሪያ ቤቶች ደግሞ አንድ ወለል ላይ እየኖሩ የማይተዋወቁ ብዙዎች ናቸው። ከሕግ የሚሸሽ ሰው የሚፈልገው እንዲህ ያለውን ቦታ ነው። ማን ገባ፣ ማን ወጣ የሚል የሌለበትን።

ነገሩን በደንብ ለማየት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በፍርድ ቤት መዝገብ የተመረመረ አንድ ታሪክ እናንሳ። ቦታው ሩቅ ነው፤ አሜሪካ፣ ፔንሲልቬንያ ውስጥ፣ በፊላደልፊያ ከተማ አጠገብ ዋይትማርሽ የሚባል ሰፈር። ጊዜው መስከረም 1 ቀን 1945 ዓ.ም. ነው። እኛ እዚህ እንቁጣጣሽ የምናከብርበት ዕለት መሆኑ ነው (ሽማግሌዎቻችን ያን ቀን የሚያስታውሱት የኤርትራ ፌዴሬሽን የጸደቀበት በመሆኑ ነው)። ከሉዊስበርግ ፌዴራል ወህኒ ቤት ያመለጡ ሦስት እስረኞች አንድ ቤት ገቡ። በቤቱ ባልና ሚስት ከአምስት ልጆቻቸው ጋር ይኖሩ ነበር። 19 ሰዓት ሙሉ አግተው ያዟቸው። ከዚያም ማንንም ሳይመቱ፣ ማንንም ሳይደፍሩ ወጥተው ሄዱ። በኋላ ከሦስቱ ሁለቱ ከፖሊስ ጋር ተታኩሰው ሞቱ።

አባትየው ለጋዜጠኞች የተናገረው አጭር ነበር። ሰዎቹ በጨዋነት ያዙን፣ ጉዳት አላደረሱብንም አለ። ይኼው ነው። የቤተሰቡን ስም እዚህ አልጻፍነውም፤ ለምን እንዳልጻፍነው ከታች ካለው ይገባችኋል።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ለዛሬው ርዕሳችን ባልሆነ ነበር። ቤተሰቡ ዓይን ሲበዛበት ብዙም ሳይቆይ ሰፈሩን ለቅቆ ወደ ኮኔቲከት ግዛት ሄደ፤ ከወሬ ለመራቅም ጥረት አደረገ። በዓመቱ ጆሴፍ ሄይስ የተባለ ደራሲ በሸሹ ወንበዴዎች ስለታገተ ቤተሰብ ልብ ወለድ አሳተመ። ርእሱን «የጭንቅ ሰዓታት» ብንለው ያስኬዳል። በልብ ወለዱ ውስጥ አባትና ልጅ ይደበደባሉ፣ ሴት ልጅ በብልግና ቃል ትዋረዳለች። ደራሲ የፈለገውን ይጽፋል፤ በዚህ አንከሰውም። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1955 ቲያትር ሆነ፤ በዚያው ዓመት ሃምፍሪ ቦጋርት የተጫወተበት ፊልምም ወጣ። ችግሩ የመጣው ላይፍ የተባለው ታላቅ መጽሔት ተዋናዮቹን ይዞ ቤተሰቡ ቀድሞ ይኖርበት ወደነበረው ቤት በመሄድ፣ ድብደባውንና ውርደቱን እያስመሰሉ ሲጫወቱ ፎቶግራፍ አንስቶ፣ የእነዚያን ሰዎች እውነተኛ ታሪክ የሚያሳይ አስመስሎ ሲያትመው ነው።

እንግዲህ አስቡት። ሰው ለጎረቤቱም ለሥራ ባልደረባውም «ልጆቼን አልነኩብኝም» ብሎ ተናግሯል። አገር የሚያነበው መጽሔት ግን ነክተዋል የሚል ሥዕል በየቤቱ አደለ። እናቲቱ ከዚያ በኋላ በጠና መታመሟ በፍርድ ቤት ተነግሯል። ቤተሰቡ ከሰሰ። በመጀመሪያ የዳኝነት ሸንጎው 75 ሺህ ዶላር ካሣ ፈረደለት፤ በኋላ በድጋሚ ታይቶ ወደ 30 ሺህ ዝቅ አለ። ክርክሩ ከዓመት ዓመት ሲጎተት ቆይቶ እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በዚያ የቤተሰቡ ጠበቃ ሆኖ የቆመው ሪቻርድ ኒክሰን ነበር፤ በኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው ኒክሰን ማለታችን ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. ጥር 9 ቀን 1967 ፍርዱን ሻረው። መጽሔቱ ሐሰት መሆኑን እያወቀ ወይም እውነት ይሁን ሐሰት ግድ ሳይሰጠው ማተሙ ካልተረጋገጠ በቀር አይጠየቅም አለ።

የኅትመት ነጻነት መጠበቁን አንቃወምም። ለእኛ የሚሆነው ቁም ነገር ሌላ ነው። 19 ሰዓት መሣሪያ የተደገነበት ቤተሰብ ከዚያ በኋላ ከ10 ዓመት በላይ ከወሬ ጋር ሲታገል ኖረ፤ በመጨረሻም የታላቅ አገር ሕግ እንኳ አላስጣለውም። ሕግ ካላስጣለ የሚያስጥለው ጎረቤት ብቻ ነው።

የእኛን ሰፈር እናውቀዋለን። ላይፍ መጽሔት የለንም፤ ከላይፍ የማይተናነስ ነገር ግን አለን። የክፍለ ከተማችን ስም ራሱ ነፋስ ስልክ አይደል እንዴ! ስሙ የወጣው ቀድሞ በዚህ ቆሞ ከነበረው ያለ ሽቦ ከሚሠራው የቴሌግራፍ ጣቢያ ነው። ጣቢያው ቢቀርም ወሬያችን ዛሬም ሽቦ አይፈልግም። ጠዋት ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ የተጀመረ ነገር ለምሳ ሰዓት ሃና ማርያም ይደርሳል። በዚያ ላይ አሁን በእያንዳንዱ ሰው ኪስ ውስጥ ካሜራ ያለው ስልክ አለ፤ ቴሌግራምና ቲክቶክ አለ።

ታዲያ ወሬው ምን ብሎ ነው የሚጀምረው? ሳንሸፋፍን እንናገረው። «ልጅቷንስ ምን አደረጓት?» ብሎ ነው የሚጀምረው። ድምፅ ዝቅ ተደርጎ፣ ራስ እየተነቀነቀ፣ አዛኝ በመምሰል። እናት «ምንም አልሆነችም» ብትል «ምን ታድርግ፣ እንዲህ ነው እንጂ ሌላ ምን ትላለች» ይባላል። ዝም ብትል «ዝም ያለችው አንድ ነገር ቢኖር ነው» ይባላል። ልጅቷ ትምህርት ቤት ስትሄድ ዓይን ይከተላታል። ዕድሜዋ ደርሶ የሚጠይቃት ሲመጣ የሚነግሩት ሰዎች ይኖራሉ። በእውነት ጉዳት ደርሶባት ከሆነም ነገሩ የእርሷና የሐኪሟ፣ የፖሊስና የፍርድ ቤት ነው፤ የሰፈሩ የቡና ቁርስ አይደለም። በዋይትማርሹ ቤተሰብ ላይ መጽሔቱ የሠራው ሥራ ይኼው ነበር። እኛ ያለ ማተሚያ ቤት እንሠራዋለን።

ሁለተኛው ወሬ ደግሞ «ያውቁት ነበር» የሚለው ነው። «እንዴት አልጮኹም? ምግብ ሠርተው አብልተውታል አሉ። አባትየው በማግሥቱ ሱቅ ወጥቶ ሲጋራ ገዝቶለታል፤ ለምን ለባለ ሱቁ አልተናገረም?» መልሱ ግልጽ ነው፤ ልጆቹ ቤት ውስጥ ከመሣሪያ ጋር ስለቀሩ ነው። የታገተ ሰው ለአጋቹ እንጀራ ቢያቀርብ፣ በለሰለሰ ቃል ቢያነጋግረው፣ እንዲያውም ቢስቅለት ልጆቹን በሕይወት እያቆየ ነው።

ይህን ማየት የተሳናቸው የእኛ ሰፈር ሰዎች ብቻ አይደሉም። በነሐሴ 1965 ዓ.ም. በስዊድን ዋና ከተማ በስቶክሆልም ያን-ኤሪክ ኦልሶን የተባለ ሰው፣ ከእስር ቤት በፈቃድ ወጥቶ ሳይመለስ የቀረ፣ አንድ ባንክ ገብቶ አራት ሠራተኞችን አገተ። ነገሩ ከነሐሴ 17 እስከ ነሐሴ 22 ቀን ቆየ። ታጋቾቹ በዚያ መካከል ከአጋቾቹ ይልቅ የፖሊሱ ተኩስ እንደሚያስፈራቸው ተናገሩ፤ ከወጡም በኋላ አጋቾቹን አልረገሙም። ዓለም ግራ ገባውና «የስቶክሆልም ሕመም» የሚል ስም አወጣላቸው። ለመዳን የተጠቀሙበትን ብልሃት በሽታ አለው። በእኛ አስተያየት ይህ ስያሜ ብዙ ታጋቾችን በድሏል።

በእኛ አገር ለዚህ ጥርጣሬ የተለየ ሥር አለው። ዕድሜያቸው ከ60 ያለፈ ነዋሪዎቻችን የ1969ኙን ዓመት አይረሱትም። መስከረም 13 ቀን 1969 ዓ.ም. በደርጉ ምክትል ሊቀ መንበር ላይ የመግደል ሙከራ ከተደረገ በኋላ፣ በተለይም በመጋቢት ወር በአዲስ አበባ ቤት ለቤት አሰሳ ሲካሄድ፣ ተፈላጊ ሰው ቤቱ የተገኘበት ሰው «ወዶ ነው ወይስ ተገድዶ?» ብሎ የሚጠይቀው አልነበረም። በአንድ በኩል ሌሊት በር አንኳኩቶ «አሳድሩኝ» የሚል የታጠቀ ወጣት፣ በሌላ በኩል የቀበሌ አብዮት ጥበቃ። ቤተሰብ በሁለት እሳት መካከል ነበር። ያዳረሰው ሐዘን ዛሬም በየቤቱ ፎቶግራፍ ሆኖ ተሰቅሏል።

ያ ዘመን ሁለት ነገር አስተምሮን አልፏል፤ ሁለቱም ክፉ ትምህርት ናቸው። አንደኛ፣ ቤቱ ችግር የገባበት ሰው ለማንም መናገር ይፈራል፤ ከተናገርኩ አብሬ እታሰራለሁ ይላል። ሁለተኛ፣ ጎረቤት ደግሞ «እሳት ሳይኖር ጢስ አይጨስም» እያለ ይርቃል። ተፈላጊ ወንጀለኛ የሚጠቀመው በእነዚህ በሁለቱ ነው። የታገተው ቤተሰብ በፍርሃት ዝም ይልለታል፤ ጎረቤትም አይጠጋም።

ስለሆነም ሕጉ ምን እንደሚል ማወቅ ይጠቅማል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 445 የሚቀጣው ወንጀለኛን እያወቀ ከክስ ለማስመለጥ የደበቀን ወይም የረዳን ሰው ነው። በአንቀጽ 443 ከባድ ወንጀል የፈጸመን ሰው እያወቀ ለባለ ሥልጣን ሳያስታውቅ የቀረ ሰው ይጠየቃል፤ ሆኖም ሕጉ «ያለ በቂ ምክንያት» የሚል ቃል አለበት። በሕፃን ልጅ ራስ ላይ የተደገነ ሽጉጥ በቂ ምክንያት ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? በአንቀጽ 75 ደግሞ በሌላ መንገድ ሊወገድ ከማይችል ከባድና ቅርብ አደጋ ራስን ወይም ሌላን ሰው ለማዳን ሲባል የተደረገ ነገር እንደማያስቀጣ ተደንግጓል። ስለዚህ ነዋሪዎች ሆይ፣ ተገድዳችሁ ያበላችሁት፣ ተገድዳችሁ ያስተኛችሁት ሰው ተባባሪ አያደርጋችሁም። አደጋው እንዳለፈ ወዲያው ለፖሊስ መንገር ግን የእናንተ ፋንታ ነው። መዘግየቱ ነው የሚያስጠረጥረው።

«እውነተኛ ተባባሪስ ቢሆን?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ሊሆን ይችላል፤ ወንድሙን ወይም አጎቱን ደብቆ «ታገትኩ» የሚል አይጠፋም። ይህንን ለይቶ የሚያወጣው መርማሪ ነው፤ ምስክር አቁሞ፣ መረጃ አገላብጦ። እኛ በውኃ ቧንቧ ዙሪያ የምንሰጠው ፍርድ ይግባኝ የለውምና እንጠንቀቅ።

በእገታው ሰዓት ጎረቤት ምን ያድርግ ለሚለው ነገሩን ማርዘም አያስፈልግም። ሁልጊዜ በጠዋት የሚከፈት በር ሳይከፈት ቢውል፣ ልጆች ትምህርት ቤት ቢቀሩ፣ የቤቱ እመቤት በበሩ ቀዳዳ ብቻ አነጋግራ ብትመልስህ፣ የምታውቀው ሰው በማያውቀው አነጋገር ቢያናግርህ፣ ነገሩን በልብህ ያዝና ዞር በል። በሩን አትደብድብ። «ደህና ናችሁ?» እያልክ በስልክ አታጨናንቃቸው፤ ስልኩን ማን እንደያዘው አታውቅም። ከዓይን ራቅ ብለህ 991 ደውል ወይም በአቅራቢያህ ላለው የፖሊስ ጣቢያ ተናገር፤ ያየኸውን ብቻ፣ የገመትከውን ሳይሆን።

ከሁሉ በላይ ሰው አይሰብሰብ። የከበበውን ሕዝብ ሲያይ የሚደነግጠው ከውስጥ ያለው ባለ መሣሪያ ነው። በአገራችን ታሪክ የዚህ ምስክር አለ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ጊዜ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ ዛሬ የስድስት ኪሎው ዩኒቨርሲቲ በሆነው ግቢ፣ የታገቱት መኳንንትና ሚኒስትሮች ለሦስት ቀን ያህል በሕይወት ቆይተው ነበር። ታኅሣሥ 7 ቀን የመንግሥት ታንክ ወደ ግቢው ሲገባ ግን በተኩስ ተፈጁ፤ ራስ አበበ አረጋይና ራስ ሥዩም መንገሻ ያለቁት በዚያ ነው። ያ የቤተ መንግሥት ጉዳይ ነው፤ የእኛ ሰፈር ቤት ሌላ ነው። ነገር ግን ለታጋች የመጨረሻው አደገኛ ሰዓት አዳኝ የሚጠጋበት ሰዓት መሆኑ አንድ ነው። እንኳን ድንጋይ የያዘ የሰፈር ጎረምሳ፣ የሠለጠነ ሠራዊትም በዚያች ሰዓት ይሳሳታል።

ካሜራም ያው ነው። ፖሊስ ከጀርባ በኩል ሲጠጋ ቀርጸህ በቀጥታ ብትለቀው፣ ውስጥ ያለው ሰውዬም ስልክ እንዳለው አትርሳ። ከዚህም ሌላ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 መሠረት የሰው ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ አይታይም፣ አይባዛም። ሕዝብን ለሚመለከት ጉዳይ ሕጉ የተወው ልዩ ሁኔታ መኖሩን እናውቃለን፤ እያለቀሰች ከቤት የወጣች ሕፃን ልጅ ፊት ግን ሕዝብን የሚመለከት ምን ጉዳይ አለው? ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት የተከበረ ነው ይላል።

አሁን ወደ ዋናው እንመለስ፤ ቤተሰቡ ከዳነ በኋላ ወዳለው። እዚህ ላይ የምንወቅሰው አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የእኛው እድር ነው። ሰው ሲሞትብን ድንኳን እንተክላለን፣ ወንበር እናወጣለን፣ ገንዘብ እንከፍላለን፣ ሦስት ቀን አብረን እንቀመጣለን። ይህ የሚያኮራ ባህል ነው። ነገር ግን ማንም ሳይሞት የተረፈ ቤተሰብ፣ በሩ የተሰበረበት፣ ልጆቹ ሌሊት እየባነኑ የሚጮኹበት፣ አባት ከሥራ የቀረበት፣ ለእርሱ በመተዳደሪያ ደንባችን አንድም መስመር የለም። ለሞተ እንጂ ለተረፈ እድር የለንም። ሰው ሞቶ ቢሆን ኖሮ ሁላችንም በሩ ላይ ነበርን፤ ስለተረፈ ብቻውን ይቀራል፤ የሚጎበኘውም ወሬ ፈላጊ ነው።

የአከራዮች ጉዳይም አለ። እንዲህ ያለ ነገር በግቢው የደረሰበት አከራይ «ችግር ይስባሉ» ብሎ ተከራዩን በወሩ መጨረሻ ልቀቅ ሊለው ይቃጣዋል። ፍርሃቱ ይገባናል፤ ለእርሱም ልጆች አሉት። ነገር ግን የዋይትማርሹ ቤተሰብ በገዛ ፈቃዱ ሰፈሩን ሲለቅ ያ ሁሉ መከራ ከደረሰበት፣ ተገፍቶ የሚወጣውማ እንዴት ይሆናል? ቁልፍ መቀየር፣ የግቢውን መብራት ማሠራት፣ ዘበኛን ማንቃት ሰው ከማስወጣት ይረክሳል።

ሄዶ መጠየቅን በሚመለከት እናቶቻችን ከእኛ የተሻለ ያውቃሉ። ቡና ይዞ መሄድ ነው፤ እንጀራ ይዞ መሄድ ነው። «እንኳን ለዚህ አበቃችሁ» ብሎ መቀመጥ። እነርሱ ካወሩ መስማት፣ ካላወሩ ስለ ጤፍ ዋጋ ማውራት። «እስቲ ከመጀመሪያው ንገሩን» ማለት የመርማሪ ሥራ ነው፤ መርማሪው ደግሞ አንድ ጊዜ ጠይቆ ጽፎ ይሄዳል፣ እኛ ግን በየቀኑ እየመጣን ያንኑ ሌሊት እናስደግማቸዋለን። ልጆቹን ከልጆቻችን ጋር እንደ ድሮው ማጫወት፣ ልጆቻችንንም አስቀድሞ መምከር። የሰማኸውን እንዳትጠይቀው ብሎ አንድ ቃል መናገር ይበቃል። የልጆቹ መባነን ከሰነበተ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወስዷቸው ማበረታታት፤ ይህ ነውር አይደለም።

በመሆኑም የነዋሪዎች ማኅበሩ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባዔ ለእድሮቻችን የሚያቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው። በመተዳደሪያ ደንቡ ላይ በወንጀል አደጋ ቤቱ የተደፈረበትና በሕይወት የተረፈ አባል ሞት እንደ ደረሰበት አባል ተቆጥሮ ቢያንስ የበሩ ማሠሪያ ወጪ ከሣጥኑ እንዲከፈልለት፤ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናትም ከአባላት መካከል ተመርጠው አብረውት የሚያመሹ ሰዎች እንዲመደቡ። ሐሳቡን የሚቃወምም ሆነ የሚያሻሽል ነዋሪ ጽፎ ከዚህ ሰሌዳ ሥር በተሰቀለው ሣጥን ውስጥ ይክተት። በቃል የሚመጣ አስተያየት ስለሚጠፋ በጽሑፍ ይሁን።